ስለ ጋኖቹ፣ ስለ መለኪያዎቹና ስለ ልጄ ምላስ የሰጠሁት የመጨረሻ ቃል

«ጓድ በቃሉ ወልደጊዮርጊስ ጠጅን በሙቀት መለኪያና በመስታወት ዕቃ እሠራለሁ በማለት ለበዓሉ የተዘጋጀውን የሰፊውን ሕዝብ ማር አበላሽተዋል። ጠጅ የእጅ ሙያ እንጂ የቤተ ሙከራ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እሳቸውም ሆኑ ከቤተሰባቸው ማናቸውም ሰው ወደ ማኅበሩ የጠጅ ክፍል እንዳይገቡ ተወስኗል።»

ይህ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። የ«ንጋት» አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ኮሚቴ ግንቦት 11 ቀን 1980 ዓ.ም. የወሰነው ነው፤ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሦስት ዓረፍተ ነገር አለው። የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ሁለተኛው ግማሹ እውነት ነው። ሦስተኛው ግፍ ነው። ኑዛዜዬ ከእነዚህ ሦስቱ ስለሚነሳ ከሁሉም በፊት እነሱን አስቀመጥኩ።

እኔ በቃሉ ወልደጊዮርጊስ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ዓመት የሆነ፣ በአሶሳ አጠገብ በሚገኘው የሰፈራ መንደራችን ነዋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ታኅሣሥ 15 ቀን 1981 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቴ ይህን ኑዛዜ በቃሌ ሰጥቻለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የሞተው ምላሴ ነው። በጉሮሮዬ የበቀለው እባጭ ወደ ምላሴ ሥር ከተሻገረ ወዲህ ጨውና ስኳር አልለይም፤ ማር ስቀምስ ውፍረቱ ይሰማኛል እንጂ ጣዕሙ አይደርሰኝም። የመንደራችን ክሊኒክ ድሬሰር ወይዘሮ ሰንበቴ «ጋሼ፣ ፋሲካን እንጃ» ብላ በግልጽ ነግራኛለች፤ ስላልዋሸችኝ አመሰግናታለሁ። አልደነገጥኩም። የሌላ ሰው ጉዳይ ሲነበብልኝ የሰማሁ ያህል ነው የሆነብኝ፤ እስከ ዛሬም እንዲያው ነው።

ሕጉ አራት ምስክር ስለሚጠይቅ አራት ሰዎች ጠርቻለሁ። አናጢው አቶ ነገሪ ሞቱማ ፕሮቴስታንት ነው። የማር ነጋዴው አቶ ዐወድ ብኸይታ እስላም ነው። ወይዘሮ ሰንበቴ ባፈና የነገሪ ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። ይህን የሚጽፈው መምህር ፈንታ ደግሞ ጨጓራው ስለማይፈቅድለት አይጠጣም። ኑዛዜው ጠጅ ቤት ውስጥ ተጻፈ የሚል ሰው እንዳይኖር አራቱንም አውቄ መረጥኩ። ፈንታ «ጋሼ፣ ኑዛዜ ውስጥ የሰው ጨዋታ አይጻፍም» ብሎኛል። የተባለው ሁሉ እንደተባለ ይጻፍ ብዬዋለሁ። በዚህ መንደር የተባለው ሳይጻፍ፣ ያልተባለው ተጽፎ የደረሰውን አይቻለሁ።

ስለ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር።

የተወለድኩት ወሎ፣ ወረኢሉ ነው። በእርሻ ኮሌጅ ዲግሪዬን ይዤ በአዲስ አበባ በአንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ። በ1977 ዓ.ም. የባለቤቴ የወይዘሮ ውድነሽ ወገኖች ለሰፈራ በመኪና ተጭነው ወደዚህ ሲመጡ ሥራዬን ለቅቄ እሷንና ልጃችንን የወርቅውሃን ይዤ ተከተልኩ። እዚህም የማኅበሩን የጠጅ ክፍል ያቋቋምኩ እኔ ነኝ።

አምና ለሚያዝያ 23 በዓል ስድስት ጋን ጠጅ እንድጥል ታዘዝኩ። ማሩን ዐወድ አመጣ። ብርዙን በጥብጬ፣ ጌሾውን ጨምሬ፣ ጋኖቹን እስከ አንገታቸው መሬት ውስጥ ቀበርኳቸው፤ በላያቸውም እርጥብ ጆንያ ጣልኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመጋቢት አሶሳ ትግላለች። ብርዙን ጠጅ የሚያደርገው እርሾ ደግሞ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። ሙቀት ሲበዛበት መጀመሪያ ይቸኩላል፣ ቀጥሎ ይታመማል፣ በመጨረሻም ቤቱን ለሆምጣጤ ለቆ ይሄዳል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ይመር ለጉብኝት መጣ። እሱም የወረኢሉ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ እጁን አንዱ ጋን ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ነገር ሬሳ ነው እንዴ? በርዶታል እኮ!»

«ሃያ አምስት ዲግሪ ነው። ትክክል ነው» አልኩት።

«ዲግሪውን ለራስህ ያዘው። እኛ አገር ጋን እንዲህ ሲቀዘቅዝ እናቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር?»

ማር ከሚያጣሩት ሴቶች መካከል ባለቤቴ ነበረች። «ያለብሱት ነበር» አለች። «እናቴ ብርድ ልብሷን ለጋኑ ሰጥታ እኛ በአንድ ነጠላ እናድር ነበር።»

«እናትሽ ወረኢሉ ነበሩ። ይሄ አሶሳ ነው።»

«ጠጅ አገር አይለይም፣ በቃሉ።»

አንዷ ከወዲያ «ዶክተር፣ መርፌ ውጋውና ይሻለው!» ስትል ሁሉም ሳቁ። ውድነሽም ሳቀች። እዚህ አገር ከገባን ሴቶቹ እንዲያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በጓድ ይመር ትእዛዝ ጋኖቹ ተቆፍረው ወጡ። ከየቤቱ የመጣ የእርዳታ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎባቸው በምድጃው ዙሪያ ተደረደሩ። በማግስቱ መለኪያውን ስከት ሠላሳ ስምንት አሳየ። ወስጄ ለጓድ ይመር አሳየሁት። «አየህ፣ ነፍስ ዘራ!» አለኝ፤ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ። በበዓሉ ቀን እንግዶቹ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርገው ብርሌያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የሙዚቃው ባንድ መጫወቱን ቀጠለ። ጠጁ ሆምጣጤ ነበር።

ይህን ያየው ሰው ብዙ ነው። ውሳኔው ውስጥ ግን «ብርድ ልብስ» የሚል ቃል የለም። «የሙቀት መለኪያ» የሚል አለ። መለኪያ ያሞቀ ይመስል።

እዚህ ላይ ዐወድ ጣልቃ ገብቶ የተናገረው ይጻፍልኝ ስላለ ተጽፏል። «ወላሂ በቃሉ፣ ይሄ ደግሞ ጻፍ። ማር የኔ ንጹሕ ነበር። እነሱ 'ማር ተበላሸ' አለ፣ ሰው ደግሞ 'የዐወድ ማር' አለ። ወሬው ኩርሙክ ድረስ ሄደ። እኔ ጠጅ አልጠጣም፣ ሐራም ነው። ማሬ ግን ስም አለው።» ማሩ ንጹሕ ነበር። ለክቼዋለሁ፤ ያኔ ምላሴም ገና አልሞተም ነበር፤ ቀምሼዋለሁ።

ስለ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር።

ጠጅ የእጅ ሙያ ነው ማለታቸው ልክ ነው። «እንጂ» ከሚለው ቃል በኋላ ያለው ግን ስሕተት ነው። በፋብሪካው ኬሚስቱ ፎቅ ላይ፣ ቀማሹ ምድር ቤት ነበሩ። አንዱ ለሌላው ወረቀት ይልካል እንጂ አይተያዩም። ለኬሚስቱ መቅመስ ከክብሩ በታች ነው፤ ቀማሹም ቁጥር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ወይኑ መጥፎ ሲሆን ሁለቱም ከጥፋቱ ንጹሕ ሰዎች ነበሩ። እዚህ ስመጣ ሁለቱን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጋን አፍ ላይ ለማገናኘት ነበር ሐሳቤ።

መለኪያ የብርዙን ሙቀት ይነግራል። ተንሳፋፊው የመስታወት መለኪያ በብርዙ ውስጥ ምን ያህል ማር እንደቀረ ይነግራል። ጌሾው ዛሬ ይውጣ ወይስ ነገ፣ ጋኑ የታጠነበት ጭስ ጠጁን ይጫነው ወይስ ይተወው፣ ይህን አይነግርም። ይህን ምላስ ነው የሚናገረው። የእኔ ምላስ መድከም ሲጀምር የወርቅውሃን ከጎኔ አቆምኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ናት፤ መለኪያ ማንበብን አስተማርኳት። መቅመስን አላስተማርኳትም፤ ይዛው መጣች። አንድ ቀን ከአንድ ማር፣ በአንድ ሰዓት የጣልናቸው ሁለት ጋኖች ነበሩ።

«ይሄኛውን ጌሾውን አውጣለት። ያኛው ይደር» አለችኝ።

«በምን ለየሻቸው? ቁጥራቸው አንድ ነው።»

«አንድ ከሆነ ቁጥሩን ጻፈዋ። እኔን ግን ይሄኛው ጉሮሮዬን ይዞኛል።»

ሁለቱንም ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ በየጋኑ ላይ የእኔ ቁጥርና የእሷ ቃል አብረው ይለጠፉ ነበር፤ «ጉሮሮ ይይዛል»፣ «ገና ልጅ ነው»፣ «ተኮሳትሯል»። ቃሉ ቁጥሩን የቀደመበት ጊዜ አለ። ቁጥሩ ቃሉን ያረመበትም ጊዜ አለ፤ ጉንፋን ይዟት ሁሉንም ጋን «ውሃ ነው» ብላ የፈረደችበትን ሳምንት እሷ ራሷ ታስታውሳለች።

ስለ ብርድ ልብሱም ይህን እላለሁ። ጋኖቹን የጠቀለለው እጅ ሙያ የሌለው እጅ አልነበረም። በደጋ ብርድ ትክክለኛ የነበረ፣ ለዘመናት ትክክለኛ የነበረ እጅ ነው። መኪና ላይ ተጭኖ ቆላ ሲወርድ ማንም አልነገረውም። ብርድን የሚያውቅ እጅ ሙቀትን አያውቅም። መለኪያ ያስፈለገው ለዚህ ብቻ ነው፤ እጅን ለመናቅ አይደለም። ይህን በስብሰባው ላይ ለመናገር እጄን አውጥቼ ነበር። ጊዜ የለም ተባልኩ።

ስለ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር።

እኔን ማገዳቸው ከእንግዲህ ትርጉም የለውም፤ በሽታው ቀድሟቸዋል። ልጄን ማገዳቸው ግን የቀረውን ብቸኛ ምላስ ከክፍሉ ማስወጣት ነው። ከግንቦት ወዲህ ከዚያ ክፍል የሚወጣውን ጠጅ የአሶሳ ሾፌሮች «ይመር» ብለው ሰይመውታል። «አንድ ይመር ቅጅልኝ፣ ድካም ያወጣል» ይላሉ አሉ፤ ነገሪ ሲሳቅበት ሰምቶ ነገረኝ። አልሳቅኩም። ልጄ በቤቱ ጓሮ ቁጭ ብላ የምሥር ድንጋይ ትለቅማለች። ይህን ሳይ ንዴት ይሰማኝ ነበር፤ አሁን እሱም እየደነዘዘ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ይህን ማጻፍ አለብኝ።

ንብረቴን እንደሚከተለው አከፋፍያለሁ።

አንደኛ። መሬት የሕዝብ ስለሆነ ስለ መሬት የምለው የለም። ዕዳ የለብኝም፤ ያበደርኩትም የለም።

ሁለተኛ። ለባለቤቴ ለወይዘሮ ውድነሽ አበጋዝ ቤቱ ከነዕቃው፣ ሬዲዮኑ፣ ላሚቱና ብርድ ልብሶቹ በሙሉ ይሁኑ፤ ከበዓሉ በኋላ ከጋን ላይ ተገፎ የተመለሰልን ብርድ ልብስ ጭምር። ሌሊት ሌሊት እግሯን ይበርዳታል፤ በዚህ ሙቀት አገር እንኳ። «ያለብሱት ነበር» ስላለችበት ቀን የተነጋገርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ተወው በቃሉ፣ ያን ቀን ስቀን አልነበረም?» አለችኝ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። እሷም በዚያው ውሳኔ ታግዳለች፤ አንድም ቀን ስታማርር አልሰማሁም። አሁን ጓዳ ሆና ትሰማለች። «ላሚቱ ወተት አቁማለች፤ እሱንም ጻፉት፣ ኋላ አታለለችን እንዳትባል» የሚል ድምፅ መጥቷል። ተጽፏል።

ሦስተኛ። ነገሪ በገዛ እጁ የሠራልኝ የማንጎ መጭመቂያ ለራሱ ለነገሪ ይመለስ። ማንጎ በየዛፉ ሥር ከሚበሰብስ ወይን ይወጣዋል ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጥሩ ወጣ፤ ሦስተኛውን ውሳኔው ቀደመው። ለቤተ ክርስቲያናቸው ልጆች ጭማቂ ያውጣበት። ነገሪ «ኦቦ በቃሉ፣ ጭማቂው ሳላውቀው ቢፈላብኝስ? በሽማግሌዎቹ ፊት ምን እላለሁ?» ብሎ ጠይቋል። በዚያው ቀን ይጠጣ፤ አሳድሮ የሚያገኘው ነገር የነገሪ ኃላፊነት ነው።

አራተኛ። ሁለቱ የሙቀት መለኪያዎች፣ ተንሳፋፊው መለኪያ፣ ሦስቱ ትላልቅ የመስታወት ጠርሙሶችና እርሾው ያለበት እንስራ ለልጄ ለየወርቅውሃ ይሁኑ። በማኅበሩ ክፍል ያሉት ስድስቱ ጋኖችም የግሌ ናቸው፤ ባምባሲ ካለች ሸክላ ሠሪ ያሠራኋቸው መሆኑን ኮሚቴው ያውቃል። እነሱም የልጄ ናቸው። ውሳኔው ከተሻረ ጋኖቹ ባሉበት ይቆዩና እሷ የክፍሉ ኃላፊ ሆና ትሥራባቸው። ካልተሻረ ነገሪ በጋሪ ያውጣላት።

አምስተኛ። ይህ አንቀጽ መጀመሪያ ሲጻፍ «ልጄ የወርቅውሃ ይህ ውሳኔ እስኪሻር ድረስ በየዓመቱ ለሚመለከተው ሁሉ ማመልከቻ እንድታቀርብ አዝዣታለሁ» ይል ነበር። ሲነበብ ልጄ ከበሩ አጠገብ ተነሳች።

«አባዬ፣ መለኪያውን እወስዳለሁ። ጋኖቹንም እወስዳለሁ። ክርክሩን ግን አልወርስም።»

«የታገድሽው አንቺ ነሽ።»

«ስሜ እንኳ የለበትም። 'ማናቸውም ሰው' ነው የሚለው።»

«ይባስ ብሎ!»

«ቢፈቅዱልኝ እገባለሁ፤ ጠጁን እወደዋለሁ። ባይፈቅዱልኝ ባምባሲ ሄጄ እጥላለሁ። ማመልከቻ ስጽፍ ግን አላረጅም። አንተን አይቼሃለሁ እኮ፣ አባዬ። ከግንቦት ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ተወርቶ ያውቃል?»

ዐወድ መሬት መሬት እያየ «ልጅቱ እውነት ተናገረ» አለ። ሰንበቴ ውሃ ሰጠችኝ። ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ያወቅኩት በጥርሴ ነው።

አንቀጹ ይሰረዝ ብያለሁ። ፈንታ በአንድ መስመር ሰርዞታል፤ እኔም በጎኑ ፈርሜበታለሁ። የተሰረዘውም እንዲነበብ ሆኖ ይቆይ። በምትኩ ለልጄ ይህን ምክር ብቻ ትቻለሁ። በርበሬ በልተሽ በዚያው ሰዓት አትቅመሺ። መለኪያውን ፀሐይ ላይ አታንብቢ። ክረምት ሲገባ ጋኖቹን ከመሬት አውጪ፤ ውሃ ይገባባቸዋል። ባምባሲ ብትሄጂ የአሶሳ ቁጥሮቼን እንደ ሃይማኖት ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ የእኔም ቁጥር አገር አለው፤ እዚያ ሄደሽ እንደ አዲስ ለኪ። ምላስሽ ከቁጥሩ ጋር ሲጣላ ማናቸውንም አታባሪ፤ እስኪታረቁ ጠብቂ።

ስለ ምስክሮች።

ይህ ኑዛዜ በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ተነቧል። ነገሪ ሞቱማ ፈርሟል። ሰንበቴ ባፈና ፈርማለች። ዐወድ ብኸይታ በዓረብኛ ፊደል ፈርሟል፤ ፊርማው የራሱ መሆኑን ሌሎቹ አረጋግጠዋል። ፈንታ ጸሐፊም ምስክርም ሆኖ ፈርሟል፤ ከዚህ ንብረት ለእሱ የሚደርሰው ምንም የለም። ነገሪ ከወረሰው መጭመቂያ የተነሳ ምስክርነቱ እንዳይነቀፍ መጭመቂያው ቀድሞም የእሱ ሥራ መሆኑ ይታወቅ፤ ሕጉ አይበቃም ካለ መጭመቂያው ይቅር፣ ምስክርነቱ ይቁም። ነገሪ በዚህ ተስማምቷል።

የቀረው ለኮሚቴው ነው።

ማመልከቻ አራት ጊዜ አስገብቻለሁ። አንዱንም «ደርሶናል» ያለ የለም። አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የውሳኔው ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ልጄን በሚመለከት ተሽሯል ወይስ አልተሻረም? መልሱ አንድ ቃል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በጽሑፍ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት፣ በእኔ ስም የተጻፈ ይሁን። ጓድ ይመር መንገድ ላይ አግኝቶ የሚነግረኝ፣ በሰው የሚልክብኝ፣ በስብሰባ ላይ የሚጠቀሰው መልስ አይደለም። ዝምታን «አልተሻረም» ብዬ እቆጥራለሁ፤ በማግስቱም ነገሪ ጋሪውን ይዞ ለጋኖቹ ይመጣል።

የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ጥር 30 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የመረጥኩት ሰንበቴን ጠይቄ ነው፤ እስከዚያ ማንበብ እችላለሁ ብላኛለች። ልጄ ክርክሩን አልወርስም ስላለች ከዚያ ቀን በኋላ የምትጽፉትን ደብዳቤ በዚህ ቤት የሚከፍት ሰው የለም።

በቃሉ ወልደጊዮርጊስ
(ፊርማ)